ለስላሳ ድንጋይና ደረቅ ሲሚንቶ

ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

በእኛ ቋንቋ ድንጋይ ክብር የለውም። ነገር የማይገባውን ሰው «ድንጋይ ራስ» እንለዋለን። የማይራራውን «ልበ ድንጋይ» ብለን እንገላገለዋለን። የማይታመን ወሬ ሲመጣብን ደግሞ «ድንጋይ ዳቦ በነበረበት ዘመን» ብለን እናሾፋለን። የሚገርመው ግን በዓለም ፊት ደረታችንን ነፍተን የምንጠራቸው ነገሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ድንጋይ መሆናቸው ነው። የአክሱም ሐውልት ድንጋይ ነው። ላሊበላ ድንጋይ ነው። የጎንደር ግንብ ድንጋይ ነው። የገርዓልታ አብያተ ክርስቲያናትም ድንጋይ ናቸው። በድንጋይ እየኮራን ድንጋይን የማናውቅ ሕዝብ ሆነናል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለ ቅርሶቻችን በዲያስፖራው መንደር የሚጻፈውን ለብዙ ዓመታት ተከታትያለሁ። ሕንፃው ስንት ዘመን እንዳስቆጠረ፣ የትኛው ንጉሥ እንዳሠራው፣ ዩኔስኮ መቼ እንደ መዘገበው በሚገባ ይነገረናል። ከምን ዓይነት ድንጋይ እንደ ተሠራ፣ ድንጋዩ በምን እንደ ተያያዘ፣ የክረምቱ ውሃ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ የሚነግረን ግን ከመቶ አንድ ነው። ላሊበላን ሁላችንም «ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለ» እንላለን። የትኛው ዐለት? እሳተ ገሞራ የወለደው ቀዳዳ የበዛበት ዐለት መሆኑን፣ ይህም ቤተ ክርስቲያኖቹ ዛሬ ለሚደርስባቸው ጉዳት አንዱ ምክንያት መሆኑን የሚያነሳ ጸሐፊ የት አለ?

በሙያዬ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ቅኔ አልችልም፣ ታሪክም የመጻፍ ችሎታ የለኝም። ሆኖም በዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ለማለት እወዳለሁ፦ ቅርስን ከጠላት እኩል ወዳጅም ይገድለዋል፤ የወዳጅ መሣሪያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሲሚንቶ ነው። ይህን ለማስረዳት ከምኖርበት ከተማ እጀምራለሁ፤ ነገሩ እዚህ በዓይን ይታያልና። (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ከእግራችን ሥር ያለው አሸዋ

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል የተቀመጡት በአሸዋ ድንጋይ ላይ ነው። ጂኦሎጂስቶች «ሴንት ፒተር አሸዋ ድንጋይ» ይሉታል። ዕድሜው ከ450 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሲሆን ከከተሞቹ ሥር ያለው ውፍረት ወደ 45 ሜትር ይደርሳል። ከሞላ ጎደል ንጹሕ ኳርትዝ ነው፤ ነጭ፣ ስኳር የሚመስል። ስሙ ድንጋይ ይሁን እንጂ በብዙ ቦታ በጣት ሲፍቁት ይረግፋል። በላዩ ላይ «ፕላትቪል» የሚባል ጠንከር ያለ የኖራ ድንጋይ እንደ ክዳን ተደፍቶበታል።

የከተማው ቀደምት ነዋሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የላይኛውን እየፈነቀሉ ገነቡበት፤ የታችኛውን እየቦረቦሩ ገቡበት። በ1820ዎቹ የተሠራው የፎርት ስኔሊንግ ምሽግ የኖራ ድንጋይ ነው። በሚሲሲፒ ዳር የቆሙት የድሮ የዱቄት ወፍጮዎችም እንዲሁ። ለስላሳው አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ግን ቢራ የሚቀዘቅዝባቸው፣ እንጉዳይ የሚበቅልባቸው ዋሻዎች ተቆፈሩ። ከ1925 እስከ 2011 በሴንት ፖል የሠራው የፎርድ መኪና ፋብሪካ ከራሱ ወለል ሥር ይህንኑ አሸዋ እያወጣ ለረጅም ጊዜ የመኪና መስታወት ሠርቶበታል። ከሁሉም በፊት ደግሞ የዳኮታ ሕዝብ «ዋካን ቲፒ» ብሎ የሚያከብረው ዋሻ እዚሁ ድንጋይ ውስጥ ነበር፤ ዛሬም አለ። በግድግዳው ላይ የተቀረጹ ሥዕሎች ነበሩት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባቡር ሐዲድ ሊዘረጋ ሲመጣ ከፊሉ ተናደ። ለስላሳ ድንጋይን ቆፍሮ የተቀደሰ ቦታ ማድረግ ወይም የተቀደሰ ብሎ ማክበር የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ድንጋዩን የናቀ ግን ዋጋውን ከፍሏል። በ1869 የሴንት አንቶኒ ፏፏቴ አካባቢ ባለሀብቶች ለወፍጮ የሚሆን ውሃ ለማሳለፍ ከወንዙ ሥር፣ በዚያ አሸዋ ድንጋይ ውስጥ፣ ቱነል ያስቆፍሩ ነበር። በጥቅምት ወር ውሃው ሰብሮ ገባ። የላይኛው የኖራ ድንጋይ ክዳን ከሥሩ ባዶ ሲሆን ተደረመሰ፤ ፏፏቴው ራሱ ሊጠፋ ተቃረበ። የከተማው ሕዝብ ግንድና ድንጋይ እየወረወረ ሊያድነው ታገለ። በመጨረሻ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ገብተው ከወንዙ ወለል በታች የኮንክሪት ግድግዳ ሠሩ፤ ሥራው የተጠናቀቀው በ1876 ነው። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚነሳበት ፏፏቴ የተፈጥሮ ፏፏቴ መሆኑ ያበቃው ያን ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ሲሚንቶ ባለውለታ ነው። እኔም ሲሚንቶን አልጠላም፤ እንጀራዬ ነው። ጥያቄዬ የት ቦታ ይግባ የሚለው ብቻ ነው።

ፒልስበሪ አዳራሽ

አሸዋ ድንጋይ ሁሉ ለስላሳ አይደለም። ከከተማው በስተሰሜን፣ በኬትል ወንዝ ዳር፣ ስሟ ራሱ «ሳንድስቶን» የሆነች ትንሽ ከተማ አለች። በ1880ዎቹ የድንጋይ ካባ ተከፍቶባት ጥሩ ሥራ የሚይዝ አሸዋ ድንጋይ በባቡር ወደ ደቡብ ይጫን ነበር። በ1894 በአካባቢው በተነሳው ታላቅ የሰደድ እሳት ከተማዋ ወደመች። እንደገና ብትሠራም የብረትና የኮንክሪት ሕንፃ ዘመን ሲመጣ የአካባቢው የድንጋይ ገበያ ተቀዛቀዘ።

የሚኒሶታ አሸዋ ድንጋይ ምን እንደሚችል ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ፒልስበሪ አዳራሽን ይመልከት። በ1889 የተጠናቀቀ ነው። የሕንፃ ባለሙያው ሌሮይ በፊንግተን ሲሆን በንድፉ ውስጥ የሃርቪ ኤሊስ እጅ እንዳለበት ይታወቃል። በቀለም የሚለያዩ ሁለት ዓይነት አሸዋ ድንጋዮች፣ አንዱ ወደ ቢጫ ሌላው ወደ ቀይ የሚያደላ፣ እንደ ጥልፍ ተሰባጥረው ገብተውበታል። ፊቱ ሻካራ ነው፤ ቅስቶቹ ክብና ከባድ ናቸው። የተለጠፈ ጌጥ ብዙ አይፈልግም፤ ድንጋዩ ራሱ ጌጥ ነውና። ለብዙ አሥርት ዓመታት የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል ቤት ነበር። ከ2021 ወዲህ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ገብቶበታል።

ይህን ሕንፃ የማደንቀው ለውበቱ ብቻ አይደለም። የሚኒሶታን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ውሃ በድንጋይ ውስጥ ገብቶ በረዶ ሲሆን ያብጣል፣ ሲያብጥ ይሰነጥቃል። ይህ በአንድ ክረምት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ከ130 ዓመት በላይ ይህን ችሎ መቆም የዕድል ጉዳይ አይደለም። ድንጋዩ ተመርጧል፣ ጠራቢውም አቀማመጡን አውቆበታል። አሸዋ ድንጋይ እንደ መጽሐፍ ነው፤ በንብርብር የተሠራ። ጠራቢው በተፈጥሮ እንደ ተኛበት ካስተኛው ገጾቹ በላያቸው ባለው ክብደት ተጭነው ይኖራሉ። አቁሞ ከገነባው ግን ገጾቹ ከፊት ለፊት እየተገለጡ ይላጣሉ። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ዓይንና ልምድ ይበቃል። ያንን ልምድ የያዘው ደግሞ ስሙ በሕንፃው ላይ ያልተጻፈው ድንጋይ ጠራቢ ነው።

የገርዓልታ ጠራቢዎች

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በትግራይ ከ100 በላይ ከዐለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉ ይታወቃል። አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ በ1966 አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ዝርዝራቸውን እስኪያቀርቡ ድረስ ብዙዎቹን ከአካባቢው ሰው በቀር የሚያውቃቸው አልነበረም። አብርሃ ወአጽብሃ፣ ውቅሮ ጨርቆስ፣ ማርያም ቆርቆር፣ አቡነ የማታ ጉሕ፤ እነዚህ ሁሉ የተፈለፈሉት በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ነው።

አካባቢውን ያጠኑ ጂኦሎጂስቶች አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉባቸውን ሁለት አሸዋ ድንጋዮች «እንጢጮ» እና «አዲግራት» ይሏቸዋል። እንጢጮ በግምት ከሚኒያፖሊሱ ድንጋይ ጋር የሚቀራረብ ዕድሜ አለው፤ ሁለቱም ኦርዶቪሺያን ከሚባለው ዘመን ይቆጠራሉ። «የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ» የሚለውን ስም በሳይንስ ጽሑፍ ያስገባው ብላንፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ በ1868 ከመቅደላ ዘመቻ ጋር መጥቶ የነበረ ሰው። የአዲግራት ስም ዛሬ በመላው የአፍሪካ ቀንድ ጂኦሎጂ ይጠራል። አዲግራት ውስጥ ተወልዶ ያደገ ስንት ሰው ይህን ያውቃል?

እኔን የሚያስደንቀኝ የአቡነ የማታ ገደል አይደለም፤ ስለ ገደሉ ብዙ ተጽፏል። የሚያስደንቀኝ የምርጫው ብልሃት ነው። ጠራቢው ዐለቱን ከመንካቱ በፊት ፍንጥር የሌለበትን፣ ለመሮ የሚሸነፍ ነገር ግን ጣሪያውን የሚሸከም ድንጋይ መለየት ነበረበት። ግንበኛ ቢሳሳት አፍርሶ ይገነባል። ፈልፋይ ግን የቆረጠውን አይመልስም። አንድ ዓምድ ከቀጠነ ቀጠነ ነው። ያ ሰው የጥንካሬ ቀመር አልተማረም፤ ድንጋዩን ግን በጆሮና በእጁ ያነብብ ነበር። የንጉሥ ስም እየጠራን የምናልፈው ሥራ የእርሱ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ በሉ። በሚኒያፖሊስ ከአሸዋ ድንጋዩ በላይ የኖራ ድንጋይ እንዳለ ተናግሬአለሁ። በትግራይም ከአዲግራት አሸዋ ድንጋይ በላይ «አንታሎ» የሚባል የኖራ ድንጋይ ይገኛል። የመቀሌ አካባቢ በዚሁ ድንጋይ የታወቀ ነው፤ የመሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካም ጥሬ ዕቃው እርሱ ነው። እንግዲህ ከአንድ ድንጋይ ሁለት ነገር ይወጣል። ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃጠል ኖራ ይሆናል። ከሸክላ ጋር ተፈጭቶ እስከ 1450 ዲግሪ ሲቃጠል ሲሚንቶ ይሆናል። ለለስላሳው ድንጋይ መድኃኒቱም መርዙም ከራሱ በላይ ተነጥፏል። የትኛውን እንደምንመርጥ ነው ነገሩ።

ሲሚንቶ ለስላሳ ድንጋይን ምን ያደርገዋል?

እስቲ በቀላሉ ላስረዳ። አሮጌ የድንጋይ ግድግዳ ይተነፍሳል። ዝናብ ያርሰዋል፣ ከመሬትም ውሃ ይስባል፤ ፀሐይ ሲወጣ ውሃው በተን ይላል። በኖራ የተያያዘ ግድግዳ ላይ ውሃው የሚወጣው በአብዛኛው በኖራው በኩል ነው፤ ኖራው ከድንጋዩ ይልቅ ክፍት ነውና። ከውሃው ጋር የሚመጣው ጨውም እዚያው ኖራው ላይ ይቀራል። ከዘመናት በኋላ ኖራው ይረግፋል፤ ድንጋዩ ይቀራል። ግንበኛ መጥቶ ኖራውን ጠርጎ አዲስ ይሞላል። ኖራ ለድንጋዩ ቤዛ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ያንን ኖራ አውጥተን ሲሚንቶ እንሙላበት። ሲሚንቶ ከለስላሳ ድንጋይ ይልቅ ጠንካራና ድፍን ነው። ውሃው መውጫ ያጣል፤ ስለዚህ በድንጋዩ በኩል ይወጣል። ጨው በድንጋዩ ፊት ላይ እየደረቀ ይገፋዋል። ሲሚንቶው ራሱም ሊሟሟ የሚችል ጨው ይዞ ይመጣል። ሙቀት ሲመጣ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ጠንካራው ሲሚንቶ አይታጠፍም፤ የሚሰበረው ድንጋዩ ነው። ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ ስታዩት ሲሚንቶው እንደ መረብ ተርፎ ቆሞ ድንጋዩ በመሃሉ ተበልቷል። ስለ አሮጌ ልብስና ስለ አዲስ እራፊ የተነገረውን የወንጌል ምሳሌ የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት ምህንድስና አያስፈልገውም።

አሜሪካኖቹም ይህን የተማሩት ብዙ ሕንፃ ካበላሹ በኋላ ነው። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎታቸው ለታሪካዊ ሕንፃ ባለቤቶች በሚያሳትመው መመሪያ አዲሱ ማያያዣ ከድንጋዩ የለሰለሰና ውሃን በትነት የሚያሳልፍ መሆን እንዳለበት በግልጽ አስቀምጧል። እኛም ምሳሌ አናጣም። የጎንደር ግንብ ጥቁር ድንጋይ በኖራ ተያይዞ የተሠራ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ተጠገነ፤ በኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ በተደረገው ጥገና እንደገና ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆነ። በቅርብ ዓመታት እድሳት ሲካሄድበት ፎቶግራፎቹ ወጡና «ቀለሙ ተለወጠ»፣ «አልተለወጠም» የሚል ክርክር ተነሳ። በክርክሩ ውስጥ ባለቅኔም ፖለቲከኛም አልጠፋም። «ለመሆኑ ልስኑ ኖራ ነው ወይስ ሲሚንቶ? ውህዱስ በምን ልክ ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ግንቡ ከ100 ዓመት በኋላ ይኑር አይኑር የሚወስነው ግን ይህ መልስ ነው፤ ቀለሙስ በዝናብ ይመለሳል።

የእኛ ዶላር

እስካሁን የነገርኳችሁ የምህንድስና ጉዳይ ነው። አሁን ወደ እኛ ወደ ራሳችን ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገቢ ማሰባሰቢያ ምሽት ተገኝቼ ነበር። በሰሜን ገጠር የሚገኝ የአንድ ደብር ጉዳይ ነበር። በትልቅ ስክሪን ላይ ሁለት ፎቶ ቀረበ። በአንደኛው በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ አሮጌ የእንጨት በር ያለው፣ ጣሪያው ያዘመመ ቤተ ክርስቲያን ይታያል፤ «የቀድሞው» ይላል። በሁለተኛው ላይ በብሎኬትና በሲሚንቶ የቆመ፣ ቆርቆሮው የሚያብረቀርቅ፣ ደጁ በሴራሚክ የተነጠፈ ሕንፃ አለ፤ «አዲሱ» ይላል። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። አጠገቤ የተቀመጡትን አንድ አባት «የድሮው ድንጋይ ምን ሆነ አባቴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ለአጥር ዋለ ልጄ፤ አልተጣለም» አሉኝ በደስታ። እኔ ምን ልበል? እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ የድርሻዬን ሰጠሁ፤ ቤተ ክርስቲያን መርዳት ነውር አይደለምና። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው።

በአሜሪካ አዳራሾች የሚሰበሰበው ገንዘብ ዛሬ ለብዙ አሮጌ ሕንፃዎች ዕጣ ፈንታ ከመንግሥት በጀት የበለጠ ይወስናል ብዬ አምናለሁ። በአንድ በኩል በየመድረኩ «ቅርሳችን ተደፈረ፣ ታሪካችን ተዘረፈ» እንላለን። በሌላ በኩል በራሳችን ዶላር የድንጋይ ግድግዳ አስፈርሰን በሲሚንቶ እናስተካለን። ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ ስንሄድ ደረሰኙ በእጃችን ነው።

ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ከባዱን ራሴ ላንሳው። «አንተ በሚኒሶታ ሞቅ ባለ ቤት ተቀምጠህ ካህኑና ምእመኑ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ይቀድሱ ነው የምትለው? ለእነርሱ ያ ሕንፃ ሙዚየም ሳይሆን ቤተ ጸሎት ነው» የሚል ነው። እውነት ነው። ሕንፃ ለሰው እንጂ ሰው ለሕንፃ አልተፈጠረም። ፒልስበሪ አዳራሽም ቢሆን የተረፈው ሥራ ስለሚሠራበት ነው፤ ውስጡን ለዛሬ ተማሪ እንዲመች አድሰው ውጪውን ጠበቁ። እኔም ጣሪያው አይታደስ አላልኩም። ጣሪያው ሲያፈስ ጣሪያውን መሥራት እንጂ ግድግዳውን መግደል ለምን አስፈለገ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

«ኖራ ውድ ነው፣ የሚያውቅ ግንበኛም የለም» የሚሉም አሉ። ኖራ ከሲሚንቶ ባነሰ ሙቀት ይቃጠላል፤ በአነስተኛ ምድጃ፣ በአካባቢው ሰው እጅ ሊሠራ ይችላል። ጊዜና ትዕግሥት ግን ይፈልጋል፤ መብላላት አለበት፣ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ግንበኛው ከጠፋ ደግሞ የጠፋው ሥራ ስለ ከለከልነው ነው። ለ10 ዓመት ማንም ያላሠራውን ጠራቢ «የት ሄደ?» ማለት ተገቢ አይደለም። ዶላር ሲሚንቶ ከሚገዛ የአንድ ጠራቢ ደመወዝና የሁለት ተለማማጅ ልጆች ምሳ ቢሆን ለደብሩም ለአገሩም የሚተርፍ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ምሽት፣ እልልታው ከመጀመሩ በፊት፣ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቅ። ድንጋዩ ምን ዓይነት ነው? የተያያዘው በምንድን ነው፣ የሚጠገነውስ በምን ሊሆን ነው? ውሃው በየት ገብቶ በየት ይወጣል? ኮሚቴው ካልመለሰ ገንዘቡን አንከልክል፤ መልሱን ይዞ እስኪመጣ ግን እናቆየው። ጥያቄው የባለሙያ አይደለም። ቤት ገዝቶ የሚያፈስ ምድር ቤት የገጠመው ማንኛውም የሚኒሶታ ነዋሪ ሦስቱንም ያውቃቸዋል። ለራሳችን ቤት ሲሆን ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ቀጥረን እንጠይቃለን። ለአባቶቻችን ቤት ሲሆን ግን እናጨበጭባለን።

የትግራይ የተቀደሱ ስፍራዎች ከ2018 ጀምሮ በዩኔስኮ ጊዜያዊ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው ጦርነት በአካባቢው ሕዝብና በቅርሱ ላይ ያደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚያ ላይ ያለን ልዩነትም ገና አልሻረም። የጥገናው ዘመን ግን እየመጣ ነው፣ የጥገናው ገንዘብም በከፊል ከእኛ ኪስ ይወጣል። ጥይት የሳተውን አሸዋ ድንጋይ በበጎ ፈቃድ ሲሚንቶ ከጨረስነው ለልጆቻችን የምንነግረው የዘመን ቁጥርና የንጉሥ ስም ብቻ ይሆናል። ድንጋዩ አይኖርም።

ቸር ይግጠመን።